ተንጋሎ ስለሚነዳ ብስክሌትና ስለ መሪው

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት ለወላጆች፥ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ጧት በግቢው በር ስትገቡ ከጥዱ ሥር የቆመውን እንግዳ ነገር ሳታዩት አልቀራችሁም። አንድ አባት «የተሰበረ አልጋ ነው» ብለው ሲያልፉ ሰምቻለሁ። ብዙም አልተሳሳቱም፤ መቀመጫው በእርግጥ ከአሮጌ የሽቦ አልጋ የተቆረጠ ነው። የቀረው ግን ብስክሌት ነው። ነጂው እንደ ሌላው ብስክሌት በኮርቻ ላይ ጎብጦ አይቀመጥበትም፤ ጀርባውን አስደግፎ፥ እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፥ ተንጋሎ ይነዳዋል። ስለዚህ ብስክሌት፥ ይልቁንም ስለ መሪው፥ ጥቂት እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በኮምቦልቻ ነው። የእናቴ ወንድም ብዙ ዓመት ዳቦ ከመጋገሪያ ቤት ወደ ሱቆች በብስክሌት ሲያደርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ወገባቸውን ታመሙ። ሐኪሙም እግራቸውን ማሠራት እንደሚጠቅማቸው፥ ጎብጠው በኮርቻ መቀመጥ ግን እንደማይገባቸው ነገራቸው። እነዚህን ሁለት ትእዛዛት ባንድነት እንዴት እንደሚፈጽሙ የነገራቸው የለም። ብስክሌቱ ከግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በሰው እጅ ሳይጠብቁ የኖሩት አጎቴም የሰው እጅ ማየት ጀመሩ። እኔም ተንጋሎ የሚነዳ ብስክሌት መኖሩን አንብቤ ስለ ነበር ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ልንሠራላቸው ተነሣን።

እንዲህ ያለው ብስክሌት አዲስ ፈጠራ አይደለም። በፈረንሳይ አገር ሻርል ሞሼ የሚባል ሰው በእግር የሚረገጡ ትንንሽ ባለአራት ጎማ ሠረገላዎች ይሠራ ነበር፤ ቆይቶም ሠረገላውን ለሁለት የከፈለው ያህል በሁለት ጎማ ብቻ የሚሄድ፥ ነጂው የሚንጋለልበት ብስክሌት አወጣ። ሰኔ 30 ቀን 1925 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 1933) ፍራንሲስ ፎር የሚባል፥ በዘመኑ ከታላላቆቹ የማይቆጠር ብስክሌተኛ፥ በዚሁ ላይ ተንጋሎ በፓሪስ በአንድ ሰዓት ውስጥ 45 ኪሎ ሜትር ከ55 ሜትር ነዳ። የስዊስ አገሩ ኦስካር ኤግ እ.ኤ.አ. በ1914 አስመዝግቦት የነበረው 44 ኪሎ ሜትር ከ247 ሜትር ነበረ። የተንጋለለ ሰው ለነፋስ የሚሰጠው ደረት ትንሽ ነውና የፎር ማሸነፍ አያስደንቅም። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ግን በዓመቱ፥ እ.ኤ.አ. በ1934፥ እንዲህ ያለው ብስክሌት ከውድድር እንዲወጣ ወሰነ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ የተወዳደሩት የኢትዮጵያ ብስክሌተኞችም ሆኑ፥ እ.ኤ.አ. በ2016 ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኖ በቱር ደ ፍራንስ የነዳው ጽጋቡ ግርማይ፥ ሁሉም ጎብጠው ነው የነዱት። እኔ ውሳኔው ትክክል አይመስለኝም፤ ተሸንፎ ሜዳውን እንደ መዝጋት ያለ ነው። ነገር ግን የዛሬው ጉዳዬ ይህ አይደለም።

ባለፈው ክረምት ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሁለት ብስክሌት ገዛን፤ አንዱ የትልቅ ሰው፥ አንዱ የልጅ። ከትልቁ የኋላ ጎማውንና ፔዳሉን፥ ከትንሹ የፊት ጎማውን ከነሹካው ወሰድን። ፔዳሉ ከመቀመጫው ፊት ስለሚሆን ሁለት ካቴና ቀጣጥለን አንድ ረዥም አደረግን። አንድ የብየዳ ባለሙያ ለአጎቴ ሲል ያለ ዋጋ ሊበይድልን ፈቀደ። የፊቱ ሹካ ምን ያህል ይጋደም ብሎ በጠየቀን ጊዜ በፊልም ያየነው ሞተር ብስክሌት ትዝ አለንና «በጣም ይጋደም፤ ያምራል» አልነው። እርሱም አሳምሮ በየደው። መሪው ከነጂው ስለ ራቀ እስከ ደረት የሚደርስ ረዥም ክንድ ቀጠልንለት።

አጎቴ «ማንም ሳይወድቅበት እኔ ልሞክረው» አሉ። ሦስት ሜትር እንኳ ሳይሄዱ መሪው ወደ ግራ ዘፍ አለ፤ ሊመልሱት ሲሉ ክንዱ ደረታቸውን መታቸው፤ በጎናቸው ወደቁ። ሲነሡ ክርናቸው ደምቷል። እኛ ደንግጠን ስንቆም እርሳቸው ሳቁ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ በቤታችን ብስክሌት የሚል ቃል ለሦስት ቀን እንዳይነሣ ሆነ።

በማግሥቱ እኔና ጓደኞቼ በየተራ ነዳነው፤ በየተራም ወደቅን። ሦስታችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ብስክሌት የምንነዳ ነን። የኮምቦልቻ ሕፃናት ተሰብስበው ሲስቁብን አንድ ነገር ገባኝ፤ እኔ ብስክሌት መንዳት እችላለሁ እንጂ ብስክሌት ለምን እንደሚቆም አላውቅም ነበር።

ብዙዎቻችን ብስክሌትን የሚያቆመው የጎማው መሽከርከር ነው ብለን እናምናለን። እኔም ይህንኑ በፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። ልጆች ሳለን ቸርኬ በእንጨት እየነዳን ስንሮጥ ቸርኬው እስኪሽከረከር ድረስ ቆሞ፥ ሲዘገይ እየተንገዳገደ ሲወድቅ አይተናልና እምነቱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ሐሰት ነው አልልም፤ ነገር ግን የእውነቱ ትንሽ ቁራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ጽሑፉን ያወጣው ዴቪድ ጆንስ የሚባል እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሰው በብስክሌቱ የፊት ጎማ አጠገብ ሌላ ጎማ ገጥሞ ወደ ተቃራኒ አሽከረከረው። የአንዱ መሽከርከር የሌላውን ሻረው። እርሱም ማንም የማይነዳው ብስክሌት ለመሥራት አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተቀመጠበትና ያለ ችግር ነዳው።

እንግዲህ የሚያቆመው ምንድን ነው? በቃል ከማስረዳ ባሳያችሁ ይሻላል። (ተናጋሪው ረዥም ዱላ በመዳፉ ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመ።) አስተውሉ፤ ዱላው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል እጄ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ወደ ግራ ሲያዘነብል ወደ ግራ። ዱላው ቆሞ የሚታየው እጄ ሁልጊዜ ከሥሩ ስለሚገባ ነው። በብስክሌት ላይ ይህን የእጅ ሥራ የሚሠራው መሪ ነው። ወደ ቀኝ ስትወድቁ መሪው ትንሽ ወደ ቀኝ ይዞራል፥ ጎማዎቹም ወደ ቀኝ ሄደው ከክብደታችሁ ሥር ይገባሉ። ይህን በደቂቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ታደርጋላችሁ፤ አታውቁትም እንጂ። ያዕቆብ በመልእክቱ ትልቅ መርከብ በትንሽ መሪ እንደሚመራ ጽፏል፤ ብስክሌት ከመርከብ የሚለየው መሪው ማዞሪያ ብቻ ሳይሆን ማቆሚያም መሆኑ ነው። የማታምኑ ብትኖሩ የብስክሌታችሁን መሪ በገመድ ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩትና ለመንዳት ሞክሩ፤ ሣር ላይ ብትሞክሩት ግን ይሻላል።

አሁን ደግሞ ይህን እዩ። (ተናጋሪው እርሳስ በጣቱ ላይ ሊያቆም ሞከረ፤ ወደቀ። ሳቅ።) እንደ ገና ብሞክርም ይወድቃል። ዱላው ረዥም ስለ ሆነ ቀስ ብሎ ይወድቃል፤ እርሳሱ አጭር ስለ ሆነ እጄ ሳይደርስ ወድቆ ያልቃል። በተራ ብስክሌት ላይ የነጂው የክብደት ማዕከል ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በእኛ ብስክሌት ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ማዘንበል የሚያድግበትን ጊዜ በፊዚክስ ብናሰላው በመጀመሪያው ላይ ወደ ሴኮንድ ሲሶ፥ በሁለተኛው ላይ ወደ ሴኮንድ ሩብ ይሆናል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ አጎቴ የወደቁት ግን በዚያች ልዩነት ውስጥ ነው። ዝቅ ብሎ መቀመጥ መውደቅን ይከለክላል ብለን ነበር፤ የሚቀንሰው የመውደቁን ሕመም ነው።

ሌላም አለ። በኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ሊወድቅ ሲል ወገቡን ወደ ሌላው ጎን ሰበር አድርጎ፥ ጉልበቱን ከፍቶ፥ አካሉን ለሚዛን ይጠቀምበታል። የተንጋለለ ሰው ጀርባው ከመቀመጫው ጋር አንድ ስለ ሆነ ይህ ሁሉ የለውም። የቀረው መሪው ብቻ ነው። ስለዚህ በሌላ ብስክሌት ላይ መሪ ቢበላሽ በሰውነት ይካካሳል፤ በዚህ ላይ ግን የሚክሰው የለም።

የእኛ መሪ ደግሞ ሁለት ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ሁለቱም የእኛው ሥራ ናቸው።

የመጀመሪያው በሹካው መጋደም የመጣ ነው። መሪው የሚዞርበትን መስመር በሐሳባችሁ ወደ ታች ቀጥሉት፤ መሬትን የሚነካበት ነጥብ አለ። ጎማው ራሱ መሬትን የሚነካበት ደግሞ ሌላ ነጥብ ነው። በደኅና ብስክሌት የመስመሩ ነጥብ ይቀድማል፥ ጎማው ከኋላ ይከተለዋል። በመካከላቸው ያለውን ርቀት እኛ «ጭራ» ብለን ሰየምነው። ጭራ ያለው ጎማ ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል፤ ብስክሌቱ ሲያዘነብልም መሪውን ወደ ወደቀበት ጎን ያዞረዋል። ይህ ስለሚጠቅም ጭራ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጨው ጥሩ ነው ተብሎ ወጡ ላይ አይገለበጥም። በሒሳብ መምህራችን እርዳታ ለካነው። የፊቱ ጎማ ሬዲየስ 25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሹካው ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን 55 ዲግሪ ነበረ፤ የጎማው እምብርት ከመስመሩ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይወጣል። 25ን ለ55 ዲግሪ ታንጀንት ስናካፍል 17 ተኩል ያህል ይመጣል፤ 4ን ለሳይኑ ስናካፍል 5 ያህል። ሲቀነስ ጭራው 12 ተኩል ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአጎቴን ብስክሌት ብንለካው 6 ብቻ ነው።

ሹካው በተጋደመና ጭራው በረዘመ ቁጥር መሪው ጥቂት ሲዞር የብስክሌቱ ፊት ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ሲል ክብደቱ መሪውን አሁንም ያዞረዋል። አጎቴን የጣለው ያ «ዘፍ» ማለት ይኸው ነው። በስሌታችን የእኛ ሹካ ከተሰቀለው ብስክሌት ይልቅ ከሦስት እጥፍ በላይ ዘፍ የሚል ሆኖ ተገኘ። በፍጥነት ለሚሄድ ሰው ይህ ብዙም አይሰማውም፤ ለሚነሣና ለሚዘገይ ሰው ግን መሪውን ከእጁ እንደሚነጥቅ ያህል ነው። ዳቦ የሚያደርስ ሰው ደግሞ በየሱቁ በር ሲቆምና ሲነሣ ነው የሚውለው።

ሁለተኛው ጉድለት ረዥሙ የመሪ ክንድ ነው። ከመዞሪያው 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ስለ ቀጠልነው መሪውን 10 ዲግሪ ለማዞር እጅ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ጎን መሄድ አለበት። በሩብ ሴኮንድ ውስጥ ይህን ሁሉ መንገድ የሚሄድ እጅ ማን አለው? በወደቁም ጊዜ ክንዱ ደረትን ይመታል።

ወደ ብየዳው ባለሙያ ተመልሰን ሹካውን እንዲያቀናው ለመንነው። «ያማረውን ታስፈርሱኛላችሁ?» ብሎ ተቆጣ፤ ሠራው ግን። ማዕዘኑ 68 ዲግሪ ሆነ፥ ጭራውም ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ወረደ። ረዥሙን ክንድ ቆርጠን ጣልን፤ መሪውን ከመቀመጫው በታች አድርገን በብረት ዘንግ ከሹካው ጋር አያያዝነው። አሁን ነጂው ሁለት እጁን በጎንና በጎኑ አውርዶ ይይዘዋል፤ ቢወድቅም ከፊቱ የሚያግደው ብረት የለም፥ እግሩን መሬት ይሰድዳል።

ይህም ወዲያው አልሠራልንም። ዘንጉን በተራ ብሎን ስላሠርነው በመገጣጠሚያው ላይ ጥቂት ልልነት ነበረ፤ ምናልባት 3 ሚሊ ሜትር። ብስክሌቱ እንደ ሰከረ ሰው ቀኝና ግራ እየመታ ሄደ። መሪው እጅ ከታዘዘ በኋላ ስለሚዘገይ እጅ ጨምሮ ያዝዛል፤ ያኔ ደግሞ ይበዛበታል። ልልነቱን ያጠፋነው ከአሮጌ ባጃጅ የወጣ መገጣጠሚያ ገጥመን ነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ ትንሹ ይህ ነበረ፤ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን እርሱ ነው።

ከዚያ በሜዳ ላይ በኖራ ሁለት መስመር አሰመርን፤ በመካከላቸው 30 ሳንቲ ሜትር ተውን። በመጀመሪያው መሪ አንዳችንም አላለፍንም ነበር። በአዲሱ ግን እንደ ሩጫ ፍጥነት ሲነዳ ሁላችንም መስመሩን ሳንነካ አለፍን። እንደ ሰው እርምጃ በዝግታ ሲነዳ እስከ ዛሬ ድረስ እንነካለን። እ.ኤ.አ. በ1899 ፍራንሲስ ዊፕል የሚባል የኬምብሪጅ ወጣት የብስክሌትን ሚዛን በሒሳብ አውጥቶ ነበር፤ ከዚያም እንደ ተረዳነው ብስክሌት ራሱን የሚደግፍበት የፍጥነት ክልል አለው፤ ከዚያ በታች ሸክሙ ሁሉ በነጂው ላይ ነው። አጎቴም ይህን ያለ ሒሳብ በአንድ ሳምንት ተማሩት፤ ሲነሡ አንድ እግራቸውን በፔዳሉ ላይ ከፍ አድርገው በኀይል ይረግጡና ቶሎ ከዝግታው ይወጣሉ።

አሁን ወላጆች ሳትጠይቁኝ አትቀሩም፤ ይህ ነገር ለደሴ ይሆናልን? እኔ አይሆንም እላለሁ። ከጦሳ ሥር ባለች ከተማ ዳገት የሌለበት መንገድ ጥቂት ነው። በዳገት ላይ ብስክሌት ይዘገያል፤ ዝግታ ደግሞ የዚህ ብስክሌት ጠላት መሆኑን አሁን ነግሬአችኋለሁ። በኮርቻ ላይ ያለ ሰው ተነሥቶ በክብደቱ ይረግጣል፤ የተንጋለለ ሰው ወዴት ይነሣል? የኮምቦልቻ ሜዳ ግን ለእርሱ የተሠራ ይመስላል።

አጎቴ ከሁሉ ይልቅ የሚመኙት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ነው። በወጣትነታቸው ብዙ ጊዜ ወርደውበታል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር፥ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ነው፤ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። ነጂውና ብስክሌቱ 90 ኪሎ ቢመዝኑ ይህ መውረድ ከ500 ሺህ ጁል በላይ ጉልበት ነው። በዝግታ ብንወርድ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ በፍሬኑ ላይ ይቀራል፤ በደሴ ብርድ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ያን ሁሉ ሙቀት የሚችሉት ሁለት ጥንድ ላስቲኮች ናቸው።

ፍሬኑን እንኳ ብናሻሽለው መሪው ይቀራል። በእኛ ብስክሌት የነጂው ክብደት ወደ ኋላ ስለሚያደላ በፊቱ ጎማ ላይ የሚያርፈው ከሲሶ ብዙም አይበልጥም። ይህ በደረቅ አስፋልት አያስቸግርም። በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ግን ዝናብ ያወረደው ኮረትና አሸዋ ይገኛል፤ ቀላል ጎማ በአሸዋ ላይ ሲዞር ይንሸራተታል፤ የፊቱ ጎማ ከተንሸራተተ ከክብደቱ ሥር መግባቱ ይቀራል፥ ነጂውም ገፍቶ የሚያስተካክልበት አካል የለውም። መንገዱ ደግሞ ከሚሌ በኩል የሚመጡ ከባድ መኪናዎች የሚወጡበት ነው፤ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ የተቀመጠን ሰው ሾፌሩ ከመታጠፊያው ሲወጣ ላያየው ይችላል። በረዥም ሽቦ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረንለታል፤ ይህ ግን ለከተማ ነው። ስለዚህ «ጋሼ፥ በዚህ አይወርዱም» አልኋቸው። «አንተ ሠርተህልኝ አንተ ትከለክለኛለህ?» ብለው ለጊዜው ተቀይመውኝ ነበር። ዛሬ ብስክሌቱ የመጣው በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ነው፤ የሚመለሰውም እንደዚያው ነው።

በሦስት ጎማ ቢሠራስ የሚል ጥያቄም አለ። እግራቸው የማይሠራ ወገኖቻችን በእጅ ፔዳል የሚነዱትን ባለሦስት ጎማ ሁላችሁም አይታችኋል። ሦስት ጎማ ሲቆም አይወድቅም፤ ለመነሣትና ለመቆም ከእኛው የተሻለ ነው። ነገር ግን ሁለት ጎማ በመታጠፊያ ላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፥ ሦስት ጎማ አያዘነብልም፤ ፈጥኖ ከታጠፈ ይገለበጣል፤ የባጃጅ ነገር ለደሴ ሰው አይነገርም። መድኀኒቱ መቀመጫውን ዝቅ፥ የጎማዎቹን መካከል ሰፋ ማድረግ ነው። ዝቅ ማለት በሁለት ጎማ ላይ የሚጎዳውን ያህል በሦስት ጎማ ላይ ይጠቅማል። ይህን ለመሥራት ገንዘቡ አልበቃንም እንጂ በእጅ ለሚነዱት ሰዎች ብንሠራው ከአጎቴ ብስክሌት የበለጠ ዋጋ ይኖረው ነበር። ከበታች ክፍል ያላችሁ ተማሪዎች ልትጀምሩት ብትፈልጉ የለካናቸው ቁጥሮች ሁሉ በደብተሬ ውስጥ አሉ፤ እሰጣችኋለሁ።

አጎቴ ዛሬ ከእናቴ ጋር በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። ዳቦውን አሁን የሚያደርሱት ራሳቸው ናቸው፤ ከመጋገሪያ ቤቱ እስከ አስፋልቱ ባለችው አጭር ዳገት ላይ ግን ወርደው ይገፉታል። መሪው በቀዳዳ መንገድ ላይ ጥቂት ይንቀጠቀጣል፤ ምክንያቱን ገና አላገኘንም፤ እኔ የፊቱ ኩሽኔታ ነው እላለሁ፥ ጓደኞቼ ዘንጉ ቀጭን ስለ ሆነ ነው ይላሉ።

ከንግግሩ በኋላ መሞከር የምትፈልጉ ወደ ጥዱ ኑ። መቀመጫው በአጎቴ ቁመት የተበየደ ስለ ሆነ አጭር የሆናችሁ እግራችሁ ፔዳሉ ላይ አይደርስም። የነጠላችሁን ጫፍ ከካቴናው አርቁ። ስትነሡም መሪውን አጥብቃችሁ አትጨብጡት፤ በሁለት ጣት ያዙትና በኀይል ርገጡ።